ጋሼ ተፈራን ማሳመን

እኔ ፈሪ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ትሑት ለመምሰል አይደለም፤ ሸማ ተራ መጥታችሁ ማንንም ብትጠይቁ ይመሰክርላችኋል። ግብር ሰብሳቢ ሲመጣ እፈራለሁ፤ ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ለምን እንደቀረ እያሰብኩ የባሰ እፈራለሁ። ሸማኔው ያዘዝኩትን በቀጠሮው ቀን ካመጣልኝ "ምን ጉድ ቢኖርበት ነው የፈጠነው" ብዬ ልብሱን እያገላበጥኩ አያለሁ። ጩኸትና ግፊያ ካለበት ቦታ እሸሻለሁ። እንጀራዬ ደግሞ መርካቶ ውስጥ ነው።

እንግዲህ ስለ ሃይማኖት እንዲሟገት የተመረጠው ይሄ ሰው ነው።

ጥፋቱ የሱቄ ጥበት ነው። የምሸጠውን ነጠላ ሁሉ የምሰቅልበት ግድግዳ ስለሌለኝ አንዱን ራሴ ላይ እሰቅለዋለሁ። ጠዋት በሩን ከፍቼ፣ አዲስ ነጠላ በመስቀለኛ አጣፍቼ ደጃፌ ላይ እቆማለሁ። የደንበኛ ዓይን ካረፈበት ከላዬ ላይ አውልቄ፣ አጥፌ እሰጠውና ሌላ አውጥቼ እለብሳለሁ። በዓል ሲደርስ በመልበስና በማውለቅ ሙሽራ እንኳን አትቀድመኝም። መንገደኛው ግን ይህን አያውቅም። ሁልጊዜ ነጠላ ያጣፋ ሰው ሲያይ አንድም ከቅዳሴ የተመለሰ፣ አንድም ወደ ቅዳሴ የሚሄድ ይመስለዋል። አንድ ቀን አንዲት እናት "ዲያቆን፣ የዚህ ጥለት ቀለሙ አይለቅም?" ብለው ጠየቁኝ። አይለቅም አልኩ እንጂ ዲያቆን አይደለሁም አላልኩም። አመኑኝና ለቤተሰባቸው ሁሉ ገዝተው ሄዱ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ ዲያቆን ሆኖ ቀረ። ከቅዳሴ የማውቀው ነገር ቢኖር ሕዝቡ የሚቀበለውን ነው፤ እሱንም ከጎኔ የቆመውን ሰው አፍ እያየሁ ነው የምለው።

ከሱቄ ፊት ለፊት ጋሼ ተፈራ ክር ይሸጣሉ። ጡረታ የወጡ የፊዚክስ መምህር ናቸው፤ ክር ቤቱ የሟች ወንድማቸው ነበር። ክሩን የሚደረድሩት በቀስተ ደመና ቅደም ተከተል ነው፣ ከቀይ እስከ ሐምራዊ። ደንበኛ አንዱን አንስቶ ሌላ ቦታ ካስቀመጠ ክፍል ውስጥ እንደረበሸ ተማሪ ነው የሚያዩት። ተራው በሙሉ "ጋሼ ተፈራ እኮ አያምንም" ይላል። እሳቸው ግን ፈጣሪ የለም ብለው አያውቁም። "ማስረጃው አልቀረበልኝም" ነው የሚሉት፣ የቤት ሥራውን ያላስረከበ ተማሪ እንደሚጠብቅ ሰው። ተማሪው ማን እንደሆነ ገምታችኋል።

"ዲያቆን" ይሉኛል ገበያ ቀዝቀዝ ሲል፣ መንገዱን ተሻግሮ በሚሰማ ድምፅ።

"አቤት ጋሼ።"

"ኖኅ መርከቡ ውስጥ ምስጥ አስገብቶ ነበር?"

"ከፍጥረት ሁሉ አስገባ ነው የሚለው ጋሼ።"

"መርከቡ ከምን ተሠራ?"

"ከእንጨት።"

"ታዲያ ምስጡ ያን ሁሉ ጊዜ ምን በላ?"

እኔም "ደንበኛ መጣብኝ" ብዬ ወደ ውስጥ እገባለሁ። የመጣ ደንበኛ የለም። ከጋቢው ክምር ጀርባ ቁጭ ብዬ ስለ ምስጡ አስባለሁ። የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፤ እሳቸው ጠይቀው ሲያበቁ ተረጋግተው ሻያቸውን ይጠጣሉ፣ ጥያቄው እኔ ዘንድ ይቀርና ምሳዬ አልወርድ ይለኛል። አንዳንድ ቀን እንዳያዩኝ ብዬ በጎጃም በረንዳ በኩል እዞርና፣ በጋሪዎች መሀል ስጋፋ ቆይቼ በጓሮ እገባለሁ። የእኔ ሱቅ ጓሮ በር የለውም። የማቋርጠው የጎረቤቴን የሐጂ ሰይድን ሱቅ ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፤ ጋቢና ፎጣ ይሸጣሉ፤ ሱቆቻችንን የሚለያቸው አንድ ስስ ጣውላ ብቻ ነው፤ በጎኑ ሾልኬ እገባለሁ። በጓሮ ስገባ ሲያዩኝ "ዛሬ ደግሞ ምን ጠየቀህ?" ይሉኛል።

አንድ ሰኞ የጋሼ ተፈራ ባለቤት እትዬ ዘነበች ነጠላ የሚመርጡ መስለው ሱቄ ገቡ። ለወትሮው ቆመው የሚያወሩ ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ።

"ዲያቆን፣ ተፈራ ታሟል" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ቀና ብዬ ወደ ክር ቤቱ አየሁ። ጋሼ ተፈራ አንድ ሐምራዊ ክር ወደ ቦታው እየመለሱ ነው።

"ሆዱ ውስጥ ነገር ተገኝቷል። ሐሙስ ጠዋት ኦፕራሲዮን ነው። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኛል። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? ለማውጣት እንሞክራለን ነው ያለኝ። እንሞክራለን።"

እሳቸው ቀጠሉ።

"ንስሐ ሳይገባ እዚያ አልጋ ላይ እንዲወጣ አልፈልግም። እኔን አይሰማኝም። የንስሐ አባታችን ቤት ሲመጡ እሱ ዳቦ ሊገዛ ይወጣል። አንተን ግን ይጠይቅሃል። የሚጠይቅ ሰው መልስ ፈልጎ ነው። እስከ ሐሙስ አሳምንልኝ።"

እንግዲህ "እትዬ፣ እኔ ዲያቆን አይደለሁም፣ ነጠላውን ለገበያ ነው የማጣፋው" የሚባለው ያን ጊዜ ነበር። አፌን ከፈትኩ። ዓይናቸውን አየሁ። ከአፌ የወጣው "እሺ" ነው። ፈሪ ሰው እሺ ሲል ጀግና ነው የሚመስለው፤ እምቢ ማለት ፈርቶ እንደሆነ ማን ያውቅለታል።

እሳቸው ከሄዱ በኋላ ላብ አጠመቀኝ። ጋሼ ተፈራ ይሞታሉ ብዬ ፈራሁ። ሳላሳምናቸው ቢሞቱ እትዬ ዘነበችን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ ብዬ ፈራሁ። ከሁሉም በላይ ግን፣ ለናንተ ምን ልደብቃችሁ፣ የፈራሁት ለራሴ ነው። እኔ ሳልጠይቅ ያመንኩ ሰው ነኝ። የወላጆቼን ቤት እንደወረስኩ ነው ያመንኩት፤ መሠረቱ ምን ላይ እንዳረፈ ቆፍሬ አላየሁም። ከእኚህ ሰውዬ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ ብቆፍርና ከሥር ምንም ባይኖርስ? እሳቸውን ላሳምን ሄጄ እኔው ካድኩ ማለት ነው።

ያም ሆኖ ዝግጅት ጀመርኩ። ስልኬ ላይ የሃይማኖት ክርክር እየከፈትኩ እስከ ማታ አዳመጥኩ። ከዚያ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሰው ማቋረጥ ነው። አንድ ደንበኛ "ጋቢው ስንት ነው?" ሲለኝ "መጀመሪያ የኔን ጥያቄ መልስ" ብዬው አረፍኩ። ሰውየው ለአፍታ አየኝና ወደ ሐጂ ሰይድ ሱቅ ገባ።

ማክሰኞ ሱቄን ዘግቼ ወደ ንስሐ አባቴ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና "አባ፣ ለማያምን ሰው በአጭሩ ምን ይባላል?" አልኳቸው።

"አንተ ንስሐ ከገባህ ስንት ጊዜህ ነው?" አሉኝ።

ጥያቄ ሸሽቼ መጥቼ እዚያም ጥያቄ። ቶሎ ብዬ ወሬ ለማስቀየር ሥላሴን እንዴት እንደማስረዳ ጠየቅኳቸው። እሳቸውም አዝነውልኝ ይሁን ሰልችቻቸው፣ "በፀሐይ መስለህ ንገረው" አሉኝ። "ፀሐይ ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት። ሦስት ፀሐይ ግን አንልም።" ደስታዬን አትጠይቁኝ። ቁልጭ ያለ፣ አጭር፣ የሚያምር መልስ። እስከ ሱቄ ድረስ ክበብ፣ ብርሃን፣ ሙቀት እያልኩ ተመለስኩ። ለማን እንደምናገረው ለአፍታ እንኳን አላሰብኩም።

ከጋቢው ክምር ጀርባ ሆኜ ስለማመድ ጣውላው ተንኳኳ።

"ከማን ጋር ነው የምትጣላው?" አሉ ሐጂ ሰይድ ከወዲያ።

የፈሪ ሆድ ምስጢር አይይዝም፤ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሐጂና ጋሼ ተፈራ ስንት ዘመን ጎረቤት ናቸው፤ በረመዳን ማፍጠሪያ ሐጂ የሚልኩትን ሳምቡሳ ጋሼ ተፈራ "ይሄ ማስረጃ ያለው ነገር ነው" እያሉ ይበላሉ።

"ወላሂ አልነገረኝም" አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ተለውጧል። ከዚያ ደግሞ፣ "አብሽር። ፈጣሪ መኖሩን ያንተን ያህል እኔም አውቃለሁ። ነገ አብረን እንሄዳለን።"

ረቡዕ ገበያው ገና ሳይሟሟቅ መንገዱን ተሻገርን። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ሐጂ ቆባቸውን አድርገው። ጋሼ ተፈራ ሁለታችንንም በመነጽራቸው አናት አዩን።

"ምንድነው፣ ኮሚቴ ነው?" አሉ።

ሐጂ በክርናቸው ጎሰም ሲያደርጉኝ ጀመርኩ። "ጋሼ፣ ይሄን ነጠላ ያየ ሰው ሸማኔ እንዳለው ያውቃል። ዓለምም እንደዚሁ ሠሪ አላት።"

"ሸማኔውን ማን ሸመነው?"

ወደ ሐጂ ዞርኩ። ሐጂ ፈጠን ብለው "ተፈራ፣ የተሸመነ ነው ሸማኔ የሚሻው። ያልተሸመነ ምን ሸማኔ ያስፈልገዋል?" አሉ።

ጋሼ ተፈራ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ይቺ ጥሩ ናት" አሉ፣ ደብተር እንደሚያርሙ ሁሉ ጣታቸውን በአየር ላይ ጭረት አድርገው። ልቤ በደስታ ዘለለች። ሐጂ ያን ጠዋት ምን ያላሉት አለ፤ ስለ ሌሊትና ቀን መፈራረቅ፣ እናት ማህፀን ውስጥ ስላለ ሽል፣ በበረሃ ስለሚዘንብ ዝናብ አወሩ። እኔ ከኋላቸው "ልክ ነው" እላለሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ክርክር ቀሎኝ አያውቅም።

ችግሩ መርካቶ ውስጥ ሦስት ሰው ቆሞ ካወራ አራተኛው ርካሽ ዕቃ የተገኘ ይመስለዋል። ሊስትሮዎች መጡ፣ ነጠላ ልትገዛ የመጣች ሴት ቆመች፣ ሥራ ያላገኙ ተሸካሚዎች ተደረደሩ። ሰው በበዛ ቁጥር እኔ ወደ ሐጂ ጀርባ ተጠጋሁ። ጋሼ ተፈራም የተማሪ ብዛት ሲያዩ የድሮ ጉልበታቸው ተመለሰ። ተነስተው ቆሙ።

"እሺ፣ ለጊዜው ፈጣሪ አለ እንበል" አሉ። "አንድ ነው ወይስ ሦስት?"

ወደ ሐጂ ዞርኩ። ሐጂ የጋቢያቸውን ጠርዝ በጥሞና እየመረመሩ ነበር።

"ሐጂ" አልኩ በቀስታ።

"ወራጅ አለ" አሉኝ። "እኔ እስከዚህ ነው መንገዴ። ከዚህ ወዲያ ያለውን ራስህ ተወጣው።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ ብቻዬን ቀረሁ። ያቺን አጭርና የምታምር መልስ መዘዝኳት። "ፀሐይ ክበብ አላት፣ ብርሃን አላት፣ ሙቀት አላት..."

ለፊዚክስ መምህር ነው እንግዲህ ፀሐይን የማስረዳው። ፊታቸው በራ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አይቼያቸው አላውቅም። "በጣም ጥሩ" አሉ፣ "ከፀሐይ እንነሳ።" ጀመሩም። የክር ጥቅል በአንድ እጃቸው፣ የሸሚዝ ቁልፍ በሌላው ይዘው ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንዴት እንደምትዞር አሳዩ። ብርሃኑ ከክበቡ ከተነሳ በኋላ ፀሐይዋ ብትጠፋ እኛ ለጊዜው እንደማናውቅ አስረዱ። "ታዲያ ዲያቆን፣ ክበቡ ጠፍቶ ብርሃኑ ሊቀር ይችላል እያልከኝ ነው?" አሉኝ። "አይ ጋሼ" አልኩ። "ሙቀቱና ብርሃኑስ በምን ይለያያሉ?" አሉኝ። "በ... ሙቀቱ ይሞቃል" አልኩ። አንዱ ሊስትሮ እጁን አውጥቶ ጥያቄ ጠየቀ፣ ስለኔ ሳይሆን ስለሳቸው ትምህርት። ነጠላ ልትገዛ የመጣችዋ ሴት ጨረቃ ለምን እንደምትጎድል ጠየቀች። እኔ ሃይማኖቴን ይዤ መሀል መንገድ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ ክበቡም፣ ብርሃኑም፣ ሙቀቱም ከእጄ ወጥተው የሳቸው ሆኑ። በልቤ "ይኸው አለቀ፤ ዛሬ ማታ እምነት የሌለኝ ሰው ሆኜ ነው ቤቴ የምገባው" አልኩ። የምሬን ነው።

ያዳነኝ አንድ ቦንዳ ሙሉ ጨርቅ የተሸከመ ሰው ነው። "ፀሐይዋን በኋላ ትደርሱባታላችሁ፣ መንገድ ልቀቁ" ብሎ ሰዉን በትኖ አለፈ። ሐጂም ደንበኛ ጠራቸውና ሄዱ። እኔም ላመልጥ ስል ጋሼ ተፈራ ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ።

"ዘነበች ናት የላከችህ?" አሉ።

መዋሸት ፈራሁ። "አዎ።"

"ዲያቆን እንዳልሆንክ አውቃለሁ። ረቡዕ ረቡዕ እንቁላል ሳንዱች ስትበላ አይሃለሁ። እንዳይቆሽሽ ብለህ ነጠላውን ታወልቃለህ።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ከክሮቹ አጠገብ ተቀመጡና እጃቸውን ሆዳቸው ላይ አደረጉ።

"ስለ ምስጥ የምጠይቅህ ለጨዋታ ነው" አሉ። "የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ማርታ የምትባል ልጅ ነበረችኝ። ታመመች። ሐኪም ቤትም ወሰድኳት፣ ጠበልም ወሰድኳት፤ ያን ጊዜ ከማንም በላይ አምን ነበር። ሞተች። ከዚያ ሰው ሁሉ መልስ ይዞ መጣ። አንዱ ለበጎ ነው አለኝ። አንዱ የሚወዳትን ወሰደ አለኝ። አንዲት ዘመዴ ኃጢአትህን መርምር አለችኝ። በል፣ ያንተን አምጣ።"

ስልኬ ላይ የሰማሁት ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፋ። እኔም ቤት ያለችኝን ልጅ አሰብኩ።

"አላውቅም ጋሼ" አልኩ።

"አታውቅም?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ አንተ ለምን ታምናለህ?"

ይህንንም አዘጋጅቼ አልነበረም። "እኔ ፈሪ ነኝ ጋሼ። ሁሉን ነገር እፈራለሁ። ስፈራ እጸልያለሁ። ስጸልይም ፍርሃቱ አይለቀኝም። ግን ብቻዬን የፈራሁ አይመስለኝም። እሱም ሊሞት ሲል ፈርቷል እኮ። ያን ሌሊት ጌቴሴማኒ ውስጥ እንደ ደም አልቦታል፤ ይቺን ጽዋ አሳልፍልኝ ብሏል። ደቀ መዛሙርቱን ከኔ ጋር ንቁ ብሎ ለምኗል። ሌላውን ትምህርት አልችልበትም። ያ የፈራው ግን የኔ ነው።"

ጋሼ ተፈራ መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። እንደገና አጠለቁትና እንደገና አወለቁት።

"ይሄ ማስረጃ አይደለም" አሉ።

"አይደለም ጋሼ።"

"ነገ ጠዋት አብረኸኝ ትሄዳለህ?"

"ሆስፒታል እፈራለሁ።"

"እኔም" አሉ።

ሐሙስ ጠዋት በሆስፒታሉ ኮሪደር እትዬ ዘነበች፣ የንስሐ አባታቸው፣ ሐጂ ሰይድና እኔ ቆመናል። ጋሼ ተፈራ አረንጓዴ ጨርቅ ለብሰው በሚገፋ አልጋ ላይ ተጋድመዋል። ያለ መነጽራቸው ሌላ ሰው መሰሉኝ። ቄሱ ቀረብ ሲሉ በትሕትና "አባ፣ ያላመንኩትን አምኛለሁ ብዬ እርስዎን አላታልልም" አሏቸው። ቄሱም አልተቆጡም፤ "እዚሁ ቆሜ እጠብቅሃለሁ" አሉ። እትዬ ዘነበች ወደ እኔ ዞሩ። ያን አስተያየት አልረሳውም። አደራቸውን በላሁ። አንገቴን ደፋሁ።

አልጋው መገፋት ሲጀምር ጋሼ ተፈራ እጃቸውን አነሱ። "ዲያቆን፣ ና ዝቅ በል" አሉኝ።

ጎንበስ አልኩ። እጄን ያዙ። በጆሮዬ "ወልደ ሚካኤል" አሉኝ።

"ማን ነው እሱ ጋሼ?"

"እኔ ነኝ" አሉ። "ክርስትና ስሜ ነው። ምናልባት... ከፈለግህ።"

በሩ ተከፈተ፣ አልጋው ገባ፣ በሩ ተዘጋ።

እትዬ ዘነበች ክንዴን ያዙ። "ምን አለህ?"

ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ማርታ ከሞተች ወዲህ ያንን ስም ከአፉ አውጥቶት አያውቅም" አሉና እያለቀሱ ወደ ቄሱ ሄዱ።

እኔ በሩን እያየሁ ቀረሁ። ስሙ እንዳይጠፋብኝ ፈርቼ በከንፈሬ እደጋግመዋለሁ። ከበሩ ወዲያ ምን እንደሚሆን አላውቅም፤ ምንም ማስረጃ የለኝም። ሐጂ ሰይድ ከጎኔ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ምን ቆመሃል? ስሙን ሰጥቶህ የለም እንዴ?" አሉኝ። "እኔ ተፈራ ብዬ ከጀመርኩ ቆየሁ።"

እኔም እየፈራሁ ጀመርኩ።